«ባይ» እና «አንቲል» ላይ ተሳስቼ መኪና ሁለት ቀን ድሬ ቆመ፤ እነዚህን ጥንድ ቃላት እንዴት ነው የምትለዩዋቸው?

ሳቢያን ሰፈር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ የእንግሊዝኛ ነው፣ ጣጣው ግን የመጣው ከሥራ ነው። ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

እዚህ ድሬ በአንድ የትራንዚት ቢሮ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ ከጅቡቲ ጋር ስንጻጻፍ ነው የምንውለው። እነሱ ፈረንሳይኛቸውን ትተው፣ እኛም አማርኛችንን ትተን በእንግሊዝኛ እንገናኛለን። ባለፈው ወር ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ጭነት ነበረን። ጭነቱ ገና ከገጠር እየተሰበሰበ ነው። ማክሰኞ ዕለት የጅቡቲው ሰውዬ «መኪና መቼ ልላክ?» ብሎ ጻፈልኝ። እኔ በልቤ ያለው «ጭነቱ እስከ ዓርብ ድሬ ይሆናል» የሚል ነው። እሱን ወደ እንግሊዝኛ ገለበጥኩና «ዘ ጉድስ ዊል ቢ ኢን ድሬዳዋ አንቲል ፍራይደይ» ብዬ ላክሁለት።

ረቡዕ ማታ መኪናው ድሬ ገባ። ሾፌሩ ደውሎ «እቃው የታለ?» ሲለኝ ክው አልኩ። ጭነቱ የደረሰው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። መኪናው ሁለት ቀን ሙሉ በዚያ ሙቀት ቆመ፣ ለቆመበትም ተከፈለ። አለቃዬ ኢሜይሉን አትሞ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠውና «አንቺ ራስሽ ከዓርብ በኋላ እቃው እዚህ አይገኝም ብለሻል፣ ሰውዬው ምን ያድርግ?» አለኝ። አሥር ጊዜ አነበብኩት። ለእኔ ትክክል ነው የሚመስለኝ። «አንቲል» እኮ «እስከ» ነው፣ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ እንደዚያ ነው የተማርኩት።

ከዚያ ወዲህ ኢሜይል በላክሁ ቁጥር ልቤ ይመታል። የሚያምታቱኝን ቃላት ደብተር ላይ መጻፍ ጀመርኩ። «ሌንድ» እና «ቦሮው»፣ «ሪሜምበር» እና «ሪማይንድ»፣ «ሴይ» እና «ቴል»፣ «ራይዝ» እና «ሬይዝ»። ዝርዝሩ በየቀኑ ይረዝማል። ትርጉማቸውን መዝገበ ቃላት ላይ አየዋለሁ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት የአማርኛ ቃል ይሰጡኛል፣ ተመልሼ እዚያው ነኝ። ዝም ብሎ ከመሸምደድ ሌላ መንገድ ያለው ካለ ይንገረኝ።

---

ጀጎል ሥር፦

እህቴ፣ አይዞሽ። ሐረር ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ ይህ ስህተት በየክፍሉ አለ። ልጆቹ ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። የእኛ «እስከ» ሁለት ሥራ ይሠራል፣ እንግሊዝኛው ደግሞ ሥራውን ለሁለት ቃል ከፍሎታል። የአንቺ ችግር ያ ብቻ ነው።

እይው። «ሱቁ እስከ ማታ ክፍት ነው» ስንል ነገሩ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፣ ማታ ሲሆን ያበቃል። «ገንዘብህን እስከ ማታ እከፍልሃለሁ» ስንል ግን ቀኑን ሙሉ ስከፍልህ እውላለሁ ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ ነው የምከፍለው፣ ማታ የመጨረሻው ገደብ ነው። ቃሉ ያው «እስከ» ነው። ልዩነቱን የሚነግረን ግሱ ነው፤ ክፍት መሆን ይቆያል፣ መክፈል ግን አንዴ ተደርጎ ያልቃል። እኛ ሳናስበው እንረዳዋለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን መስተዋድዱን ነው የሚያየው። ለሚቆየው «አንቲል»፣ ለገደቡ «ባይ»።

ለተማሪዎቼ የምሰጣቸው መፈተኛ አንድ ነው። «እስከ»ን አውጪና በቦታው «ግፋ ቢል» አስገቢ። «ገንዘብህን ግፋ ቢል ማታ እከፍልሃለሁ»። ሄደ አይደል? እንግዲያው «ባይ» ነው። «ሱቁ ግፋ ቢል ማታ ክፍት ነው»። አይሄድም፣ ጆሮ ይቆረቁራል። እንግዲያው «አንቲል» ነው። አሁን ያንቺን እንሞክር፤ «ጭነቱ ግፋ ቢል ዓርብ ድሬ ይሆናል»። ሄደ። «ባይ ፍራይደይ» ማለት ነበረብሽ።

ያንቺን ስህተት ያከበደው ደግሞ «ይሆናል» የሚለው ግስ ነው። በእኛ «ድሬ ይሆናል» ሲባል መድረሱንም ሊናገር ይችላል፣ መቆየቱንም። እንግሊዝኛው «ቢ» ግን ከ«አንቲል» ጋር ሲገጥም መቆየትን ብቻ ነው የሚናገረው። ሰውዬው ያነበበው «ጭነቱ አሁን ድሬ ነው፣ እስከ ዓርብ ይቆያል፣ ከዚያ የለም» የሚል ነው። መኪናውን አጣድፎ መላኩ ትክክል ነበር። «ዊል አራይቭ» ብለሽ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ግራ ገብቶት መልሶ ይጠይቅሽ ነበር፣ ምክንያቱም መድረስ የሚቆይ ነገር አይደለም፣ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ያስነቃዋል።

አሉታው ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ። «ሂ ዎንት ካም አንቲል ፍራይደይ» ማለት ከዓርብ በፊት አይመጣም፣ ዓርብ ግን ይጠበቃል ማለት ነው። አለመምጣቱ ነው እስከ ዓርብ የሚቆየው። «ሂ ዎንት ቢ ሂር ባይ ፍራይደይ» ካልሽ ግን ዓርብ ሲደርስም ገና አልመጣም ነው። ለአንድ ነጋዴ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሳምንት ኪሳራ ሊሆን ይችላል።

እና «ባይ»ን «በ» አድርገው የሚይዙም አሉ፣ ድምፁ ይቀራረባላ። «ባይ መንደይ» ሲሉ «በሰኞ ቀን» ማለታቸው ነው። ያ «ኦን መንደይ» ነው። «ባይ መንደይ» ከተባልሽ እሑድም ቅዳሜም ብትልኪ ይቻላል፣ ሰኞ ግን መጨረሻው ነው።

---

የአሸዋ ነጋዴ፦

መምህር «ግፋ ቢል» ያልከው በጣም ተመችቶኛል፣ ዛሬውኑ ልጄን አሳየዋለሁ።

«ሌንድ» እና «ቦሮው» ላይ እኔ ልናገር፣ ምክንያቱም አሸዋ ገበያ ላይ ስኖር ብድር የማልሰማበት ቀን የለም። እኛ ጋ ሥሩ አንድ ነው። አበደረ፣ ተበደረ። ፊቱ ላይ አንዲት ፊደል ትቀየራለች፣ ሰጪና ተቀባይ ይለያል። አከራየ፣ ተከራየ። አዋሰ፣ ተዋሰ። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ አያውቅም። ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ቃላት አምጥቶ አንዱን ለሰጪ አንዱን ለተቀባይ አደለ። እኛ ደግሞ ትምህርት ቤት አንዱን ብቻ እንይዝና ለሁለቱም እናውለዋለን። ለዚህ ነው ልጆች «ቦሮው ሚ ዩር ፔን» የሚሉት። እንዲህ ሲሉ የያዙት ቃል «ተበደረ» ነው፣ የሚፈልጉት ግን «አበድረኝ» ነበር።

እኔ የምለየው በጓደኞቻቸው ነው። «ሌንድ» ከኋላው ሰው ይከተለዋል፤ «ሌንድ ሚ»፣ «ሌንድ ሂም»፣ ወይም «ሌንድ ኢት ቱ ሂም»። «ቦሮው» ከኋላው እቃው ነው የሚመጣው፣ ሰውዬው በ«ፍሮም» በኩል ይገባል። ከኋላ «ሚ» ካለ «ሌንድ» ነው፣ «ፍሮም» ካለ «ቦሮው»። ሌላ ነገር አላስታውስም፣ እስከ ዛሬ አልተሳሳትኩም።

ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በዚህ ጉዳይ እኛ ከእንግሊዝኛው እንበልጣለን። ጎረቤት መጥታ አንድ ስኒ ስኳር ስትፈልግ «አበድሪኝ» ነው የምትለው። ወንፊት ስትፈልግ ግን «አውሺኝ» ነው። ስኳሩ ይበላል፣ የሚመለሰው ሌላ ስኳር ነው። ወንፊቱ ራሱ ተመልሶ ይመጣል። በኦሮምኛም ያው ነው፤ ለገንዘብ ብድር «ሊቄሱ» እና «ሊቄፈቹ»፣ ለእቃ «ኤርጊሱ» እና «ኤርጊፈቹ»፣ ሰጪና ተቀባዩም ከአንድ ሥር ነው የሚወጡት። እንግሊዝኛ ለብሩም ለወንፊቱም «ሌንድ» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ እቃሽን ለፈረንጅ ስትሰጪ ራሱን እንዲመልስልሽ ከፈለግሽ በግልጽ ጻፊው።

ኪራይ ላይማ ይባስ ይደባለቃል። «አይ ሬንት ኤ ሃውስ» ሲል ተከራይቶ ነው ወይስ አከራይቶ? ቃሉ ብቻውን አይነግርሽም። ማከራየት ከሆነ «ሬንት አውት» ብለሽ ጻፊ። እንግሊዞቹ «ሌት» የሚል ሌላ ቃል አላቸው፤ የሚከራይ ቤት ላይ «ቱ ሌት» ብለው የሚለጥፉት እሱን ነው። መጋዘን የምታከራዩ ሰዎች ውል ላይ እዚህ ጋ አደራ።

---

የከዚራ ጥላ፦

እኔ አጭር ነገር አለችኝ። «አይ አም ቦሪንግ» እያላችሁ ለሰው አትጻፉ! «እኔ ደባሪ ነኝ» ማለት ነው። «ደብሮኛል» ለማለት «አይ አም ቦርድ» ነው። ደባሪውና የደበረው ሰው እኛም ጋ ይለያያሉ እኮ፣ «ፊልሙ ደባሪ ነው፣ ደበረኝ» እንል የለ። መጨረሻው ላይ «ኢንግ» ያለው ደባሪው ነው፣ «ኤድ» ያለው የደበረው። «ኢንተረስቲንግ» እና «ኢንተረስትድ»፣ «ኮንፊውዚንግ» እና «ኮንፊውዝድ» ሁሉም እንደዚያው ናቸው።

ሌላው «ዩዝድ ቱ» ነው። ከአዲስ አበባ የመጣች የሥራ ባልደረባዬ «አይ ዩዝድ ቱ ዘ ሂት ኦፍ ድሬዳዋ» ብላ ጻፈች። «የድሬን ሙቀት ለምጄዋለሁ» ለማለት ነው። «አም» ጎድላለች። «አይ አም ዩዝድ ቱ ዘ ሂት» ሲሆን ለምጄዋለሁ ነው። «አም» ከሌለና ቀጥሎ ግስ ከመጣ፣ «አይ ዩዝድ ቱ ሊቭ ኢን አዲስ» ሲሆን፣ እኖር ነበር፣ አሁን ግን አልኖርም ነው። በአማርኛ አንዱ «ነበር» ነው፣ ሌላው «ለመደ»፣ ምንም አይገናኙም። እንግሊዝኛው ላይ ነው እንደ መንትያ የሚመሳሰሉት። ከለመድሽው በኋላ ግስ ልታስገቢ ከፈለግሽ ደግሞ «ኢንግ» ይዞ ነው የሚመጣው፤ «አይ አም ዩዝድ ቱ ዎኪንግ ኢን ዘ ሂት»።

---

ለገሀር፦

ልጄ፣ ታሪክሽን አንብቤ ልጽፍልሽ ወደድሁ። በምድር ባቡር ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ባቡሩ በፈረንጆች 1902 ድሬ ሲገባ ፈረንሳይኛውንም ይዞ ነው የገባው፣ ለገሀር የምንለው ራሱ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው፣ ጣቢያው ማለት ነው። በእኛ ጊዜ የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ከዚያ ተነሥቼ አንድ ነገር ልንገርሽ።

ያ የጅቡቲ ሰው ያንቺን «አንቲል» ሲያነብ አንድም ጥርጣሬ አይገባውም። ለምን? በፈረንሳይኛ «ዡስካ ቫንድርዲ» እና «ዲሲ ቫንድርዲ» የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው እስከ ዓርብ የሚቆይ፣ ሁለተኛው ግፋ ቢል ዓርብ። ስለዚህ «አንቲል» ሲያይ «ዡስካ» ብሎ ይይዘዋል፣ ያልቃል። አማርኛ ተናጋሪ ቢሆን «ምን ማለቷ ነው?» ብሎ ይጠረጥር ነበር። እሱ አይጠረጥርም። በሌላ በኩል እሱም ይሳሳታል። በፈረንሳይኛ ከሰው መበደር «አምፕሩንቴ» ነው፣ ከሰውዬው ስም በፊት የሚመጣው ደግሞ «አ» ነው፣ በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ «ቱ» ብለው የሚገለብጡት። ስለዚህ «ቦሮው ቱ» ብሎ ቢጽፍልሽ አበድሮ ነው ብለሽ አትቸኩዪ፣ «ከ» ማለቱ ሊሆን ይችላልና ጠይቂው።

«ሪሜምበር» እና «ሪማይንድ»ን ጠይቀሻል። ይኼ የእኛው «አስታወሰ» ጣጣ ነው። «ስሙን አስታወስኩት» እንላለን፣ «ቀጠሮውን አስታውሰኝ»ም እንላለን። አንዱ በራስ ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ ሌላው ሰው ለሰው የሚያደርገው። የመጀመሪያውን «ትዝ አለኝ» ብለሽ ልትለውጪው ከቻልሽ «ሪሜምበር» ነው። «ስሙ ትዝ አለኝ» ይሄዳል። «ቀጠሮው ትዝ በለኝ» ግን አይባልም። እሱ «ሪማይንድ ሚ» ነው። «ሪሜምበር ሚ» ብለሽ ለደንበኛ ከጻፍሽ አትርሳኝ ማለት ይሆናል፣ እንደ ስንብት ደብዳቤ።

አንድም «መጣሁ» አለ። ከቢሮ ለአምስት ደቂቃ ስንወጣ «መጣሁ» ብለን እንወጣለን፣ እመለሳለሁ ለማለት። አንድ ወጣት ባልደረባችን ለአንድ ፈረንጅ መሐንዲስ «አይ አም ካሚንግ» ብሎት በበሩ ወጣ። ሰውዬው ግራ ገብቶት በሩን ያይ ነበር፣ የሚመጣው ሰው እየሄደ ነዋ። እየወጣሽ ከሆነ «አይል ቢ ባክ» በይ። «አይ አም ካሚንግ» የሚባለው ሲጠሩሽ ነው።

---

አዲስ ገባ፦

ሁላችሁም ጥሩ ጽፋችኋል ግን እኔ በመንገዱ አልስማማም። አማርኛውን መሃል እያስገባችሁ ነው ችግሩ የሚመጣው። ልጅቷ የተሳሳተችው እኮ ከአማርኛ ስለገለበጠች ነው፤ እናንተ መልሳችሁ በአማርኛ መፈተኛ ሰጣችኋት። ቀጥታ በእንግሊዝኛ ማሰብ ነው የሚሻለው። ብዙ ማንበብ፣ ብዙ ማዳመጥ፣ በቃ። እኔ በዚህ ነው የለመድኩት።

---

ጀጎል ሥር፦

አዲስ ገባ፣ ማንበቡ ላይ እስማማለሁ፣ ሳያነቡ የሚማር የለም። ግን ሌላውን ልቃወም። ከጠዋት እስከ ማታ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረር ላይ ደግሞ ሐረሪኛ እየሰማ የሚውል ልጅ፣ እንግሊዝኛ የሚያገኘው በቀን በአንድ ክፍለ ጊዜ ነው። «በእንግሊዝኛ አስብ» ብለው ቢያዙት በምን ያስባል? የሚያስብበት ቋንቋ አለው። እሱን ረስተህ ና ከማለት፣ ሁለቱ የት ላይ እንደሚለያዩ ብናሳየው በዚያው ይድናል። ልጅቷ የተሳሳተችው አማርኛ ስላሰበች አይደለም፤ አንድ የአማርኛ ቃል ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ልክ ነው ተብላ ስለተማረች ነው። «አንቲል ማለት እስከ ነው» የሚለውን የቃላት ዝርዝር የሰጠናት እኛ መምህራን ነን። ይኼ ነገር በጣም ያሳስበኛል።

«ሴይ» እና «ቴል»ን ተመልከት። «አለኝ» ከሚለው ነው «ሂ ሴይድ ሚ» የሚመጣው። በአማርኛ «አለ» ላይ «ኝ» መቀጠል ይቻላል፣ በእንግሊዝኛ «ሴይድ» ላይ ሰው በቀጥታ አይቀጠልም፣ «ቱ» መሃል ይገባል። «ቴል» ግን እንደ «ነገረኝ» ነው፣ የሚነገረው ሰው ወዲያው ይከተለዋል፤ «ሂ ቶልድ ሚ»። እና አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሰው አይቆምም። «ሂ ቶልድ ዛት ሂ ዎዝ ሲክ» አይባልም፣ ለማን ነገረ? ይህን ለልጆቹ በ«አለ» እና በ«ነገረ» ሳሳያቸው በአንድ ቀን ይገባቸዋል። ያለ አማርኛው ወር ይፈጅብኛል።

«ራይዝ» እና «ሬይዝ» ደግሞ የእኛ «ተነሣ» እና «አነሣ» ናቸው። ፀሐይ ትወጣለች፣ ሰው ከመቀመጫው ይነሣል፣ ራሱን ችሎ ነው፣ ያ «ራይዝ» ነው። እጅ ስናነሣ፣ ጥያቄ ስናነሣ፣ አንሺና የሚነሣ ነገር አለ፣ ያ «ሬይዝ» ነው። አስቸጋሪው ገበያ ላይ ነው። «የባጃጅ ዋጋ ጨመረ» እንላለን፣ «ባለ ባጃጁ ዋጋ ጨመረ»ም እንላለን። «ጨመረ» አይለይም። እዚህ ላይ «ማን ጨመረው?» ብለሽ ጠይቂ። ጨማሪው በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ካለ «ሬይዝ»፣ ዋጋው ብቻውን ካለ «ራይዝ»። ያለፈው ጊዜም ይለያል፤ «ራይዝ» ወደ «ሮዝ» ይሄዳል፣ «ሬይዝ» ግን «ሬይዝድ» ብሎ ሕጉን ይጠብቃል። ራሱን የቻለው ቅርጹን ይለውጣል፣ ሌላውን የሚያነሣው በ«ኤድ» ያልቃል።

«ላይ» እና «ሌይ»ም ዘመዶቻቸው ናቸው፣ ተኛና አስተኛ። ግን «ላይ» ሲያልፍ ራሱ «ሌይ» ይሆናል፣ ሁለቱ እዚያ ላይ ይጋጫሉ፣ የእንግሊዝ ልጆች ራሳቸው ይሳሳቱበታል። እሱን ለሌላ ቀን።

---

አዲስ ገባ፦

እሺ መምህር፣ «አንድ ቃል ለአንድ ቃል» ያልከው ላይ ተስማምቻለሁ። እኔም ስጀምር «ትንሽ» ላይ ተምታቶብኝ ነበር። «አይ ሃቭ ሊትል መኒ» ካልክ «ገንዘብ እምብዛም የለኝም» ነው፣ «አይ ሃቭ ኤ ሊትል መኒ» ካልክ ግን «ትንሽ ብር አለችኝ» ነው። አንዲት «ኤ» ከ«የለኝም» ወደ «አለኝ» ታሻግራለች። «ፊው» እና «ኤ ፊው»ም እንዲሁ፣ እነዚህ ግን ለሚቆጠር ነገር ናቸው። የገባኝ በአማርኛ «አለኝ» እና «የለኝም» ብዬ ሳስበው ነው፣ ያንን አልክድም።

---

ሳቢያን ሰፈር፦

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። ለገሀር፣ ጋሼ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ የፈረንሳይኛው ነገር ፈጽሞ አልመጣልኝም ነበር። ሰውዬው ለምን መልሶ እንዳልጠየቀኝ አሁን ገባኝ፣ ተቀይሜው ነበር።

ደብተሬን እንደ አዲስ ጀመርኩት። ቃል ከነትርጉሙ መጻፍ ትቻለሁ። አሁን ዓረፍተ ነገሩን ከነጓደኞቹ ነው የምጽፈው። «ሌንድ» ብቻ ሳይሆን «ሌንድ ሚ»፣ «ቦሮው» ብቻ ሳይሆን «ቦሮው ፍሮም»፣ ጎኑ ላይ ደግሞ አማርኛው የት ላይ እንደሚለያይ። «አስታወሰ»፣ «ጨመረ»፣ «እስከ»፣ «መጣሁ» አራቱን በቀይ አስምሬባቸዋለሁ፣ አንዱ ቃላችን ሁለት ቦታ የሚቆምባቸው ናቸው።

ነገ ለዚያው ሰው የምልከው ኢሜይል ይኸውና፣ እዩልኝ። «ጭነቱ ዓርብ ግፋ ቢል 9 ሰዓት ድሬ ይደርሳል፣ እስከ እሑድ መጋዘን ይቆያል፣ እባክህ ሐሙስ አስታውሰኝ» ነው ሐሳቤ። እንዲህ አደረግሁት፤ «ዘ ጉድስ ዊል አራይቭ ኢን ድሬዳዋ ባይ ናይን ኦክሎክ ኦን ፍራይደይ። ዘይ ዊል ስቴይ ኢን ዘ ዌርሃውስ አንቲል ሰንደይ። ፕሊስ ሪማይንድ ሚ ኦን ተርስደይ።»

---

የአሸዋ ነጋዴ፦

አቦ ጎበዝ! «አራይቭ» ከ«ባይ» ጋር፣ «ስቴይ» ከ«አንቲል» ጋር። አለቃሽ ይህን ያንብብ።

---

ለገሀር፦

ልጄ፣ ከመላክሽ በፊት ቆይ። ቃላቱ ሁሉ ትክክል ናቸው። ሰዓቱ ግን በእኛ ነው የተጻፈው። ያንቺ 9 ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው። ጅቡቲ ላይ ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ቢሆንም እነሱ የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊትና ከቀትር ተነሥተው ነው፣ «ናይን ኦክሎክ» ሲያይ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሾፌሩን ድሬ ያቆመዋል። ስድስት ቀንሺና «ባይ ስሪ ፒኤም ኦን ፍራይደይ» አድርጊው።

---

ሳቢያን ሰፈር፦

ይኸው አሁኑኑ አስተካከልኩት ጋሼ። «ስሪ ፒኤም» ሆኗል። ላክሁት።